ከልዑል ደጅ የወጣው ሲምፎኒ

ስለ ሲምፎኒ ታሪክ የሚጻፉ ሐተታዎች ቤትሆቨን ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ከእርሱ በፊት የነበሩት መንገድ ጠራጊዎች ሆነው ይቀርባሉ፤ ሐሳቡ፣ ትግሉና ድሉ ግን የእርሱ ብቻ ይሆናል። በዚህ አተራረክ ከሁሉ በላይ የተበደለው ዮዜፍ ሃይድን ነው። ከመቶ በላይ ሲምፎኒዎችን የጻፈው ይህ ሰው «የሲምፎኒ አባት» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት፣ ሥራዎቹ ግን ደስ የሚሉ የመነሻ ሙከራዎች ተብለው ይታለፋሉ። የዚህ ዳሰሳ አቋም የተለየ ነው። ሲምፎኒ ክብደት ያገኘው በኦርኬስትራው ብዛት ወይም በዜማው ውበት ሳይሆን ከአድማጭ ትውስታ ጋር በሚገጥመው ክርክር ነው፤ ይህን ክርክር ሃይድን የተካነው ደግሞ በአንድ ልዑል ቤት ባገለገለባቸው ዓመታት ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይድን ሥራ ሲጀምር ሲምፎኒ ገና ትልቅ ስም አልነበረውም። መነሻው በጣሊያን ኦፔራ መጋረጃ ከመገለጡ በፊት የሚሰማ ባለ ሦስት ክፍል መግቢያ ነው። ሚላን ላይ ሳማርቲኒ ከኦፔራው ነጥሎ ራሱን አስቻለው፤ ማንሃይም ላይ ዮሐን ሽታሚትስ በሚገባ የሠለጠነ ኦርኬስትራ ይዞ ድምፅን ቀስ በቀስ የማሳደግን ኃይል ጨመረበት። የሁለቱም ሙዚቃ ጆሮ ይይዛል። ከአሥር ደቂቃ በፊት የሰማነውን ነገር ትርጉሙን መልሶ የሚለውጥ ሙዚቃ ግን በእነርሱ ዘንድ እምብዛም አይገኝም።

የሠረገላ ጎማ ሠሪ ልጅ የሆነው ሃይድን በ1761 ከልዑል ፓውል አንቶን ኤስተርሃዚ ጋር የተፈራረመው ውል ዛሬም ድረስ ይነበባል። ደመወዙ በዓመት 400 ጉልደን ነበር። ነጭ የእግር ሹራብ አድርጎና የቤቱን መለያ ልብስ ለብሶ፣ በየቀኑ ከቀትር በፊትና በኋላ እልፍኝ ደጃፍ ቆሞ ዛሬ ሙዚቃ ይፈለግ እንደሆነ ይጠይቃል። የሙዚቀኞቹን ጠብ ያስታርቃል፣ መሣሪያዎቹን ይጠብቃል። የሚጽፈው ሁሉ የልዑሉ ነው፤ ለሌላ መስጠትም ሆነ ማስገልበጥ አይፈቀድለትም። ደጅ መጥናት በውል ተጽፎ የተሰጠው ሥራ ነበር።

በዓመቱ ፓውል አንቶን ሞተና ወንድሙ ኒኮላውስ ተተካ። ኒኮላውስ ራሱ ባሪቶን የተባለ ብርቅ የክር መሣሪያ የሚጫወት፣ ለሙዚቃ የማይጠግብ ሰው ነበር፤ በሃንጋሪ ረግረግ መካከል ኤስተርሃዛ የተባለ ሰፊ ቤተ መንግሥት አስገነባ። እንግዲህ ሃይድን 28 ዓመት ሙሉ በመሠረቱ ለአንድ አድማጭ ጻፈ። በእርጅናው ዘመን የሕይወት ታሪኩን ለጻፈው ለግሪዚንገር እንደነገረው፣ ከዓለም ተነጥሎ መኖሩ እንደልቡ እንዲሞክርና ራሱን እንዲመስል አስገድዶታል። ሊቃውንቱ ይህን ምስክርነት አዘውትረው ይጠቅሱታል፤ አድማጩን ግን ይዘነጉታል። ያ ልዑል ያለፈውን ሳምንት ሲምፎኒ ያስታውስ ነበር። የሃይድንን ልማድ ስለሚያውቅ፣ ልማዱ ሲፈርስም ያውቃል።

የዚህ ፍሬ ጎልቶ የሚታየው «የስንብት ሲምፎኒ» በሚባለው በ1772 በተጻፈው 45ኛ ሲምፎኒው ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ልዑሉ ኤስተርሃዛ ላይ ቆይታውን አራዘመ፤ ከቤተሰባቸው ርቀው የከረሙት ሙዚቀኞች አለቃቸው እንዲያማልዳቸው ለመኑ። ሃይድንም በመጨረሻው ክፍል እያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻውን ሲጨርስ ሻማውን አጥፍቶ እንዲወጣ አደረገ። በመጨረሻ ድምፃቸው የታፈነ ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ቀሩ። ልዑሉ መልእክቱ ገባው፤ በማግስቱ የጉዞ ትእዛዝ ወጣ ይባላል።

ታሪኩ ማራኪ በመሆኑ ሙዚቃውን ሸፍኖታል። የሙዚቃ ተመራማሪው ጄምስ ዌብስተር በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ሲምፎኒው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ሐሳብ መገንባቱን አሳይቷል፤ ሥራውን ደጋግሜ ባዳመጥሁት ቁጥር በዚህ ንባብ ይበልጥ እስማማለሁ። ቅኝቱ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ነው፤ በዚያ ዘመን ለሲምፎኒ ከቶ የማይመረጥ ቅኝት። ሆርን ነፊዎቹ እንኳ መሣሪያቸውን ለዚህ ቅኝት የሚያመቻች ልዩ ቱቦ ተሠርቶላቸዋል። የመጀመሪያው ክፍል ቁልቁል በሚወርዱ የቫዮሊን ድምፆች ይከፈትና ፋታ አይሰጥም። ጆሮ ሁለተኛና ለስለስ ያለ ዜማ በሚጠብቅበት ቦታ ያው ሁከት ይቀጥላል። ከዚያ በመሃል፣ ቀድሞ የተሰማው ሐሳብ ሊብላላ በሚገባበት ስፍራ፣ ሙዚቃው ጸጥ ይልና በዲ ሜጀር ፈጽሞ ያልተሰማ ረጋ ያለ ዜማ ይመጣል። ሳይቋጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሁከቱም ይመለሳል። ያ ዜማ እስከ ሲምፎኒው ፍጻሜ ድረስ ዳግም አይሰማም።

አድማጩ ጥያቄውን እንደያዘ ሌሎቹን ክፍሎች ያልፋል። አራተኛው ክፍል እንደ ልማዱ በፍጥነት ይነሳና መዝጊያው በሚጠበቅበት ቅጽበት ይቆማል፤ ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ዝግተኛ ሙዚቃ ይጀምራል። የሚወጡት ሰዎች ዝም ብለው አይወጡም፤ አብዛኞቹ ከመነሳታቸው በፊት ብቻቸውን የሚሰሙበት ጊዜ ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ አንደኛው ኦቦና ሁለተኛው ሆርን፣ ከዚያ ባሱን፣ ከዚያ ሌሎቹ ነፊዎች ይሄዳሉ። ዘወትር ከበስተጀርባ የሚኖረው ደብል ቤዝ እንኳ ረዘም ያለ የራሱን ንግግር ተናግሮ ይነሳል። ቼሎው ሲከተለው ዝቅተኛው ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል። የሚቀሩት ሁለት ቫዮሊኖች ሙዚቃውን በኤፍ ሻርፕ ሜጀር ያሳርፉታል፤ መጀመሪያው ክፍል የነፈገን ዕረፍት የሚገኘው እዚህ ነው። አቤቱታው በሻማው ብቻ አልተነገረም። ሲምፎኒ በፈጣን ክፍል እንደሚዘጋ የማያውቅ ሰው በዝግታው አይደነግጥም፤ ያንን ሕግ በጆሮው የያዘ አድማጭ ነበረና ሃይድን ሊያፈርሰው ቻለ።

ይህን ስል አገልጋይነትን ማወደሴ አይደለም። ሃይድን ራሱ ሲመሽበት በነፃነቱ እጅግ ተደስቷል። በ1779 ውሉ ሲታደስ ሥራዎቹን የሚያስረው አንቀጽ ቀረ፤ ወዲያው የአውሮፓ አሳታሚዎች ደጁን አንኳኩ። ከፓሪስ ለመጣው ጥያቄ በ1785 እና 1786 ስድስት ሲምፎኒዎች ጻፈ። ያዘዘው ኦርኬስትራ መሪ የጓዴሎፕ ተወላጁ ዮሴፍ ቦሎኝ፣ ሸቫሊዬ ደ ሴንት ዦርዥ ነበር፤ እናቱ በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት ናት። ራሱም ሲምፎኒ የጻፈ ባለሙያ ሆኖ ሳለ በዚህ ታሪክ ውስጥ በግርጌ ማስታወሻ መታሰቡ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ኒኮላውስ በ1790 ሲሞት የኮንሰርት አዘጋጁ ዮሐን ፔተር ሳሎሞን ሃይድንን ወደ ለንደን ወሰደው። እዚያ የጠበቀው አድማጭ ቲኬት የገዛ እንግዳ ሕዝብ ነው፤ የትናንቱን ሥራ አያውቅም፣ ልማዱንም አልተማረም። ስለዚህ ሃይድን ትውስታውን ራሱ ሲምፎኒው ውስጥ በደቂቃዎች መገንባት ነበረበት። በ1792 የተሰማው 94ኛ ሲምፎኒ ዝነኛ ድንገተኛ ድምፅ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕፃን እንኳ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ዜማ በቀስታ ይሰማል፣ ይበልጥ በቀስታ ይደገማል፣ ከዚያ ኦርኬስትራው በሙሉ ይመታል። በ1795ቱ 103ኛ ሲምፎኒ ደግሞ ከከበሮ ጉርምርምታ የሚወጣው ዝግተኛና ጨለም ያለ መግቢያ በፈጣኑ ክፍል ውስጥ መልኩን ለውጦ ይገባል፤ ክፍሉ ሊያልቅ ሲል በቀድሞ ዝግታው ይመለሳል። በኤስተርሃዛ የዓመታት ትውውቅ የሠራውን በለንደን ዜማው ራሱ ይሠራዋል።

ሞዛርት በ1788 በጋ የጻፋቸው ሦስቱ የመጨረሻ ሲምፎኒዎች የራሳቸው ዳሰሳ ይገባቸዋል፤ እዚህ አልገባበትም።

ኢ. ቴ. አ. ሆፍማን በ1810 ስለ ቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ በጻፈው ሂስ ሃይድንን የልጅ ልብ ያለው ደስተኛ ሰው አድርጎ ሣለው፤ ወሰን የለሹን ዓለም ለቤትሆቨን ሰጠ። ክፍለ ዘመኑ ይህን ሥዕል ተቀበለ። ግን በ1805 ለሕዝብ በቀረበው በቤትሆቨን ሦስተኛ ሲምፎኒ፣ በ«ኤሮይካ»፣ እንደ አብዮት የሚነገርለትን አንድ ነጥብ እንመልከት። በመጀመሪያው ክፍል መሃል፣ ሐሳቡ በሚብላላበት ስፍራ፣ ከመነሻው በራቀ ቅኝት አዲስ ዜማ ይገባል። ይህ ኤስተርሃዛ ላይ በ1772 የተሠራ ነገር ነው፤ ሠሪውም ከ1792 መጨረሻ ጀምሮ ቤትሆቨንን ያስተማረው ሰው ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤትሆቨን እንግዳውን ዜማ በዚያው ክፍል መዝጊያ መልሶ ያመጣዋል፤ አድማጩ ጥያቄውን ተሸክሞ እንዲቀጥል አይጠይቀውም። ሃይድን ከ33 ዓመት በፊት ያንን ትዕግሥት ጠይቆ ነበር፤ መልሱን ያኖረው በሌላ ክፍል፣ በሌላ ፍጥነት፣ በሌላ ዜማ ነው። ከሁለቱ የትኛው ደፋር ነው ቢባል፣ የእኔ ፍርድ ወደ 1772ቱ ያጋድላል።