ድሪቶ ስድብ ነውን?

አንድን ድርሰት ማጣጣል ስንሻ ከምንመዛቸው ቃላት አንዱ «ድሪቶ» ነው። ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተጣጣፈ፣ ወጥነት የጎደለው ሥራ ማለታችን ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ስድብ ከተሰዳቢው ይልቅ የተሳዳቢውን አለማወቅ የሚያጋልጥ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ድሪቶ እንዴት ይሠራል? ያረጀ ጋቢ መጀመሪያ የልጅ መታቀፊያ ይሆናል፤ ኋላም ደህና ደህናው ተቀዶ ለመጣፊያ ይቀመጣል፤ የማይረባው የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የምትጥፈው ሴት ቁራጩን በጣቶቿ ወጥራ ጥንካሬውን ትፈትናለች። አዲስ ጨርቅ በሳሳ ልብስ ላይ ቢሰፋ ቀዳዳውን ያብሰዋል እንጂ አይደፍነውም። እንግዲህ ድሪቶ ምርጫና ማመዛዘን አለበት። ደካማ መጽሐፍም የሚወድቀው ከቁርጥራጭ ስለተሠራ ሳይሆን ቁርጥራጮቹ ስለማይያያዙ ነው።

ጓሮም ከዚህ የራቀ አይደለም። የደራ ወረዳ ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ፣ እንደ ጣና ዙሪያ አገር ሁሉ፣ የክረምት ጓሮ በአንድ ዓይነት ተክል አይሸፈንም። በቆሎው ይቆማል፤ ዱባው በሥሩ ይሳባል፤ አደንጓሬው አገዳውን ይዞ ይወጣል፤ በአጥሩ ጥግ ጌሾና ጤና አዳም አሉ። ከቤት የወጣው አመድና ፍግ አፈሩን ያዳብረዋል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከቤት ሲያግድ፣ እሸት እየጠበሱ ይህን ልምላሜ ከደጃፍ ሆኖ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ላልለመደ ዓይን ዝብርቅርቅ ይመስላል፤ ለባለቤቷ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል።

የስፌትንና የጓሮን ዝምድና በጽሑፍ በሚገባ ያሳየችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊስ ዎከር ናት። የእናቶቻችንን የአትክልት ሥፍራ ስለመፈለግ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጣጥፍ፣ ብዕር ያልጨበጡ ጥቁር ሴቶች የፈጠራ ኃይላቸውን በምን ገለጹት ስትል ትጠይቃለች። መልሷ፣ ስሟ ያልታወቀ የአላባማ ሴት ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሠራችው ብርድ ልብስና የገዛ እናቷ ከእርሻ ሥራ በተረፋት ሰዓት የምትንከባከበው የአበባ ቦታ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ለዕለት አገልግሎት» ልንለው በምንችለው አጭር ልብ ወለዷ ደግሞ፣ የተማረችው ልጅ «ዲ» ከአያቷ የተላለፉትን ብርድ ልብሶች ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ትጠይቃለች። እናት ግን ለብሳ ለምትጨርሳቸው፣ ለዓይን አፋሯ ለ«ማጊ» ትሰጣለች።

እዚህ ላይ ከብዙ አንባቢ እለያለሁ። «ዲ»ን እንደ ከንቱ ማየት ይቀናናል። ነገር ግን የአላባማዋ የጊስ ቤንድ መንደር ሴቶች ድሪቶዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ፣ የሠሪዎቹም ስም አብሮ ተጠርቷል። ግድግዳም ዋጋ አለው። የ«ዲ» ጥፋት ቀድሞ ሲሰጣት «ጊዜ ያለፈበት» ብላ ንቃው የነበረውን፣ ሙያውን ሳትሻ ዕቃውን ብቻ መፈለጓ ነው። «ማጊ» ግን መስፋት ታውቃለች፤ ቢያልቅ ሌላ ትሠራለች። የጓሮ ጎመንም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም አይቀነጠስም፤ አንድ ሁለት እግር አብቦ ለዘር እንዲያፈራ ይተዋል።

እኛስ? ሞሰቡን በሆቴል ሳሎን አስቀምጠን እናደንቃለን፤ የሰፋችውን ሴት ስም ግን አንጠይቅም። «ሰምና ወርቅ»ን ከአንጥረኛ ወስደን የቅኔ መለኪያ አድርገናል፤ የቀሚስን ጌጥና ኪነትን «ጥበብ» በሚል በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ድሪቶን ግን ለስድብ ብቻ አስቀረነው። ከባለ እጆች ቃል የተበደረ ሂስ ሙያቸውን የማወቅ ዕዳ አለበት። እንግዲያው ወደፊት አንድን መጽሐፍ «ድሪቶ» ብሎ ሊፈርድ ብዕሩን የሚያነሣ ሐያሲ፣ አስቀድሞ ስፌቱ የቱ ጋ እንደላላ ያሳየን።