እጁ አየር ላይ የቀረው ሰውዬ

በእኛ አገር አጫጭር የኮሜዲ ቪዲዮዎች ውስጥ ዘበኛ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካፖርቱ ከሱ በሁለት ቁጥር ይበልጣል። ቆቡ ጆሮው ላይ ደርሷል። የመኪና ክላክስ ሲሰማ ከእንቅልፉ ባንኖ ይነሳል፣ ወንበሩን ይገለብጣል፣ በሩን መክፈት ትቶ እግሩን ገጭ አድርጎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰውዬ ያፈጥበታል። ዘበኛው እጁን አያወርድም። በቃ፣ ሳቅ።

ይህን ቀልድ እኔም ጽፌዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር የሰባት ደቂቃ ቪዲዮ ሠርተን ነበር። ስክሪፕቱ የእኔ ነው፤ ዘበኛውም የእኔ ፈጠራ ነው። "ፈጠራ" የምትለውን ቃል ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም አጎቴ ዘበኛ ነው። ከዘበኝነቱ በፊት ደግሞ ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን እሱም አብሮ ተበተነ፤ ማዕረጉ ግን ስም ሆኖ ቀረ። ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚባለው።

ቪዲዮውን ያሳየችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ በበዓል ቀን፣ ቤተሰብ በሞላበት። እኔ እዚያው ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አጎቴ ሰባቱን ደቂቃ ዝም ብሎ አየ። ሲያልቅ ስልኩን መለሰላትና ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ይሄ ሰውዬ ለምንድነው በግራው ሰላምታ የሚሰጠው?"

"በቀኙ ዱላ ስለያዘ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

"ወታደር የነበረ ሰው ዱላውን ወደ ግራ ያዞራል እንጂ ሰላምታውን ወደ ግራ አያዞርም።"

ከዚያ ቡናው መጣና ወሬው ተቀየረ። ቪዲዮው ብዙ ኮሜንት ነበረው፤ እንደዚህ ዓይነት ሒስ ግን አልደረሰውም። መጀመሪያ የመሰለኝ ሽማግሌ ሰው ጥቃቅን ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ፦ የምስቅበትን ነገር አላውቀውም ነበር። ይህ ጽሑፍ የአጎቴን ጥያቄ ይዤ ስለ ወታደራዊ ሰላምታ የተሠሩ ትልልቅ ቀልዶችን ለመመርመር ያደረግኩት ሙከራ ነው።

እጅና እጅ

አማርኛ በእጅ ብዙ ነገር ይናገራል። ለንጉሥ እጅ ይነሳል። ለሹም እጅ መንሻ ይወሰዳል። የተሸነፈ እጁን ይሰጣል። በዘመነ ጓድ ደግሞ የግራ እጅ ጡጫ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር እጃችንን የምናደርግበት ቦታም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ስለ ሰላምታ መቀለድ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው በሌላው ፊት እጁን የት ማድረግ እንዳለበት የወሰነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ከጀርባው አለ።

ወታደራዊው ሰላምታ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የበታቹ እጁን ያነሳል፤ የበላዩ እስኪመልስለት አያወርድም። ማለትም ሰላምታ ጥያቄ ነው፣ መልስ ይጠብቃል። አሳፋሪና አስቂኝ የሚባሉት አጋጣሚዎች ሁሉ እዚህች የመጠበቂያ ሰከንድ ውስጥ ነው የሚፈጠሩት።

ሁለት ምሳሌ ከዜና ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ባራክ ኦባማ ኒው ዮርክ ላይ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ ቀጥ ብለው ለቆሙት የባሕር ወለድ ወታደሮች ኩባያ በያዘው ቀኝ እጃቸው ሰላምታ መለሱ። አገር ተናወጠ። የሚገርመው ግን ሲቪል የሆነ ፕሬዚዳንት ለወታደር በእጁ ሰላምታ መመለሱ ራሱ የተለመደው ከሮናልድ ሬገን ወዲህ ነው፤ ጄኔራል የነበሩት አይዘንሃወር እንኳ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እንዲህ አላደረጉም። ትናንት የመጣ ልማድ ዛሬ በኩባያ ተነካ ተብሎ ነው ያ ሁሉ ጩኸት።

ሁለተኛው የበለጠ ያስቃል። ሰኔ 2018፣ ሲንጋፖር። ዶናልድ ትራምፕ ለሰሜን ኮሪያው ጄኔራል ኖ ክዋንግ ቾል ለመጨባበጥ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ጄኔራሉ በመጨበጥ ፋንታ ሰላምታ ይሰጣሉ። ትራምፕ የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ሰላምታ ይመልሳሉ። በዚህ መሃል ጄኔራሉ እጃቸውን አውርደው ለመጨባበጥ ዘርግተዋል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለት እጆች፣ አይገናኙም። ኮሪደር ላይ በአንድ በኩል ለማለፍ ግራ ቀኝ የሚጋጩ ሰዎች ይመስላሉ። ከሁለት ቀን በኋላ የሰሜን ኮሪያ ቴሌቪዥን ምስሉን ሲያሰራጨው ግን ሳቁ ወደ ፖለቲካ ተቀየረ፤ የጠላት አገር ጄኔራል ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሰላምታ ተቀብሏልና።

እነዚህ አጋጣሚዎች ናቸው። ያስቃሉ፣ ያልፋሉ። ጥበብ የሚጀምረው አንድ ሰው ይህቺን ሰከንድ ሆን ብሎ ሲይዛት ነው።

ሰላምታውን ያልሳተው ሞኝ

የቼኩ ደራሲ ያሮስላቭ ሃሼክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኦስትሮ-ሃንጋሪ ጦር ውስጥ አገልግሏል፣ በ1915 በሩሲያዎች ተማርኳል። ከጦርነቱ በኋላ ስለ ደጉ ወታደር ሽቬይክ ልቦለዱን መጻፍ ጀመረና ሳይጨርሰው በ1923 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ሽቬይክ በጦር ሠራዊቱ ሐኪሞች ቦርድ ጅል ተብሎ የተመሰከረለት፣ ይህንንም ማስረጃ ለጠየቀው ሁሉ በኩራት የሚናገር ውሻ ነጋዴ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ቁርጥማት ይዞት ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ፣ ክራንቹን እያወዛወዘ፣ ወደ ቤልግሬድ እንዝመት እያለ እየጮኸ ነው ለምዝገባ የሚሄደው። ከተማው ግራ ይገባዋል። እያፌዘ ነው ብሎ ማሰር አይቻል፤ የሚለው ሁሉ መንግሥት እንዲባል የሚፈልገው ነው።

ሽቬይክን ሳነብ የአጎቴን ጥያቄ ነው ያስታወስኩት። ሽቬይክ በአለቃ ፊት የሚቆመው እንደ ደንቡ ነው። ሰላምታውን ይሰጣል፣ በትህትና ሪፖርት ያደርጋል፣ ታዛዥ ዓይኖቹን አለቃው ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ማለቂያ የሌለው ታሪክ ይጀምራል። አለቆቹ ያብዳሉ። በምን ይቅጡት? ለመቶ አለቃ ሉካሽ የሚያመጣለት ውሻ ተሰርቆ የመጣ የኮሎኔል ክራውስ ውሻ ሆኖ ሲገኝና ሁለቱም ወደ ግንባር የሚሄድ ክፍለ ጦር ውስጥ ሲወረወሩ እንኳ የሽቬይክ ፊት ያው የታዛዥ ፊት ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ ቤርግሶን በ1900 ስለ ሳቅ ባሳተመው መጽሐፍ ሕያው ሰው እንደ ማሽን ሲንቀሳቀስ እንስቃለን ይላል። ለእኔ ቪዲዮ ይህ ይበቃል፤ ዘበኛው በክላክስ የሚሠራ ማሽን ነው። ለሽቬይክ ግን አይበቃም። ሽቬይክ ማሽኑን ከውስጥ ሆኖ የሚነዳ ሰው ነው። ትእዛዝን እስከ መጨረሻው ስትፈጽመው ትእዛዙ ራሱ ጅል ሆኖ ይታያል። ይህን ለመጻፍ ደግሞ ሃሼክ ደንቡን ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። ሽቬይክ ሰላምታውን ቢስት ኖሮ የሚሳቅበት እሱ ይሆን ነበር። ባለመሳቱ ግን የሚሳቅበት ግዛቱ ሆነ።

ክንድ የተቀጠለላት ሐውልት

ቻርሊ ቻፕሊን "ታላቁ አምባገነን"ን በ1940 ሲያወጣ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ከዓለም ፊኛ ጋር የሚደንስበትን ትዕይንት ነው። እኔ የምወደው ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ነገር ነው። አምባገነኑ ሂንክል በመኪና ሲያልፍ መንገድ ዳር ሐውልቶች ቆመዋል። አንዷ በዓለም ሁሉ ክንድ በማጣቷ የምትታወቀው ቬነስ ናት። እዚህ ግን ክንድ ተቀጥሎላታል፤ ለመሪው ሰላምታ ለመስጠት ብቻ። አጠገቧ የሮዳን አሳቢው ሰውዬም አለ፤ ያን ሁሉ እያሰበ አንድ እጁን ዘርግቷል።

ማንም አይናገርም፣ መኪናው አይቆምም። ስለ ፋሺዝም የተጻፉ ወፍራም መጻሕፍት የሚሉት ነገር ግን እዚያ አለ፦ ክንድ ከሌለህ ይቀጠልልሃል፣ እያሰብክም ቢሆን እጅህን ታነሳለህ። በዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ንግግር ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ ለእኔ ግን ከሐውልቷ ክንድ ያነሰ ነው የሚናገረው።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1964 "ዶክተር ስትሬንጅላቭ" ላይ ነገሩን ገለበጠው። ፒተር ሴለርስ የሚጫወተው የቀድሞ ናዚ ሳይንቲስት አሁን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አማካሪ ሆኗል፤ ቀኝ እጁ ግን አልሰማም። ጓንት ያጠለቀው እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ለሂትለር ሰላምታ ይነሳል። ግራው ይይዘዋል፣ ይደበድበዋል፤ ቀኙ ተመልሶ ባለቤቱን ያንቃል። ከኋላ የቆመውን የሶቪየት አምባሳደር ልብ ብላችሁ እዩት፤ ተዋናዩ ፒተር ቡል ሳቁን መያዝ አቅቶት ሲታገል ፊልሙ ላይ ቀርቷል። አገር ቀይረሃል፣ ቋንቋ ቀይረሃል፣ አለቃ ቀይረሃል፤ እጅህ ግን የድሮውን ጌታ ያስታውሳል። መንግሥት ሲለወጥ ያየ አገር ሰው ይህን ትዕይንት ያለ ትርጉም ይረዳዋል።

ያልተመለሰ ሰላምታ

ሁሉም ያስቃል ማለቴ አይደለም። በዓለም በጣም የታወቀው ሰላምታ የሕፃን ነው። ኅዳር 1963 በጆን ኬኔዲ ቀብር ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴና ደ ጎል በወታደር ልብስ በሰልፉ ውስጥ በተራመዱበት ቀን፣ ሦስተኛ ዓመት ልደቱ የሆነው የሟቹ ልጅ ለአባቱ ሬሳ ሣጥን እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። የቤተሰቡ ጠባቂ የነበረው ክሊንት ሂል በኋላ እንደተረከው ልጁ ቀደም ሲል የሚሞክረው በግራ እጁ ነበር፤ ቀኙን እንዲያደርግ ያረመው አንድ መኮንን ነው። ሕፃን በትልቅ ሰው ምልክት ሲጫወት ሁልጊዜ ያስቀናል። እዚያ ቀን ማንም አልሳቀም፤ መልሱን የሚሰጠው ሰው ሣጥን ውስጥ ነበር።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው ወደ ራሴ ቪዲዮ የተመለስኩት። የእኔ ዘበኛ ለምን ያስቃል? ካፖርቱ ስለሚሰፋው፣ ስለሚደነግጥ፣ ድሃ ስለሆነ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ? ምንም። ስክሪፕቱ ላይ ስም እንኳ የለውም፤ "ባለመኪናው" ነው የሚለው። ሃሼክና ቻፕሊን ካሜራቸውን ሰላምታ ወደሚቀበለው ሰው አዞሩት። እኔ በተነሳው እጅ ላይ ሳቅኩና ሳይመልስ ያለፈውን ሰውዬ ዝም ብዬ አሳለፍኩት። የእኛ ኮሜዲ ችግር ድሃ ላይ መሳቁ ብቻ አይደለም፤ አያየውም። ያየው ሰው ዱላው በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ያውቃል።

አጎቴ ራሱ የተሻለ ቀልድ ነበረው፤ ብጠይቀው ኖሮ ያኔውኑ ይነግረኝ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ነገረኝ። ሥልጠና እንደጨረሰ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ትከሻው ላይ ወርቃማ ገመድ የተንጠለጠለበት፣ ነጭ ጓንት ያደረገ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ቆሟል። ጄኔራል ነው ብሎ ተጠንቀቅ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። ሰውዬው የሆቴሉ በረኛ ነበር። በረኛው ደግሞ ወታደር ሰላምታ ሲሰጠው ደንግጦ እሱም ሰጠ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሁለታችንም ቆምን። እኔ እሱ መጀመሪያ እስኪያወርድ እጠብቃለሁ፣ እሱ እኔን ይጠብቃል። አንድ ፈረንጅ ሻንጣውን ይዞ መሃላችን ቆሞ በሩ የሚከፈትበትን ይጠብቃል።"

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ይህ ከእኔ ሰባት ደቂቃ ይበልጣል፤ ማንም አልተናቀበትምና።

በቀደም ዕለት መልእክት ላደርስለት ወደሚጠብቀው ግቢ ሄድኩ። በስልክ በጠራሁት ታክሲ ነው የሄድኩት፤ መስኮቱ ጥቁር ነው። በሩ ላይ ስንደርስ አጎቴ ተነሳ፣ ወንበሩን አልገለበጠም፣ ዱላውን ወደ ግራ አዞረና ለመኪናው ሰላምታ ሰጠ። መስኮቱን አወረድኩ። አየኝ። እጁን አላወረደም፤ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ መጥቷል። ስልኬን በቀኜ ይዤ ነበር። ወደ ግራ አዞርኩትና እጄን ወደ ግንባሬ አነሳሁ።

"ክርንህ ወድቋል" አለኝና በሩን ከፈተልን።