የፓቬል ክሉሻንትሴቭ የፊልም ምትሃት

ምትሃት የሚለው ቃል በቋንቋችን መልካም ስም የለውም። ምትሃተኛ ዓይንን የሚያስት፣ የሌለውን እንዳለ አስመስሎ የሚያታልል ሰው ነው። ስለ ፊልም ምትሃት የሚሰጠው አስተያየትም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ አይርቅም፤ ተመልካቹ ይደነቃል፣ የሐያሲው ብዕር ግን ወደ ድርሰቱና ወደ ተዋናዩ ያዘነብላል። ሞዴሉን የቀረጸው፣ መብራቱን ያሰላው ባለሙያ ስሙ በፊልሙ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ያልፋል። የሶቪየቱን የፊልም ሰው የፓቬል ክሉሻንትሴቭን ሥራዎች ለመመርመር ግን ይህ ልማዳዊ ሚዛን አያገለግልም።

ክሉሻንትሴቭ እ.ኤ.አ. በ1910 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። በካሜራ ሙያ ጀምሮ፣ ሕዝባዊ የሳይንስ ፊልሞችን በሚያዘጋጀው የሌኒንግራድ ስቱዲዮ ውስጥ አዘጋጅ ለመሆን በቃ። የሥራው ቦታ በጥበቡ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከፍተኛ ነው። የስቱዲዮው ተግባር ተማሪውና ሠራተኛው ሳይንስን እንዲረዳ ማድረግ ስለ ነበር፣ የክሉሻንትሴቭ ምትሃት ከመነሻው አስተማሪ እንዲሆን ግድ ሆነበት።

«ወደ ከዋክብት የሚወስደው መንገድ» እ.ኤ.አ. በ1957 ለተመልካች ቀረበ። ዓመቱ የካሉጋው መምህርና የጠፈር በረራ አባት ጽዮልኮቭስኪ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ነበር። ስፑትኒክም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን ስለ መጠቀ የሳተላይቱ ነገር በፊልሙ ላይ ታከለ። ጋጋሪን ሊበር ገና ከሦስት ዓመት በላይ ይቀረው ነበርና ክሉሻንትሴቭ ከጠፈር የተነሣ፣ ሊመስለው የሚችል አንድም የሰው በረራ ምስል አልነበረውም። የሚሽከረከረው የጠፈር ጣቢያ፣ በጨረቃ ላይ የሚራመደው ሰው፣ ሁሉም ከሳይንቲስቶች ስሌትና ከባለሙያዎች እጅ መውጣት ነበረባቸው።

ከሁሉም ይልቅ ክብደት አልባነትን ያሳየበት ዘዴ ትኩረት ይገባዋል። ተዋናዩ በሽቦ ይንጠለጠላል። ካሜራው ከጎን ቢቆም ሽቦው ይታያል፤ ተመልካቹም ይስቃል። ክሉሻንትሴቭ ግን ካሜራውን ከተዋናዩ በታች አኑሮ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲመለከት አደረገ። የመንኮራኩሩ ክፍልም በዚያው አቅጣጫ ስለ ታነጸ የተዋናዩ ገላ ራሱ ሽቦውን ይጋርደዋል፤ ላይና ታች የሚባለው ነገር ይጠፋል፤ ሰውየው ይንሳፈፋል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው የጠፈር ፊልሙ ውስጥ ይኸው ዘዴ ተሠርቶበታል። (ስለ መሣሪያ እጥረት ዘወትር የምናማርር ሰዎች ይህን ሽቦ ብናስታውሰው አይከፋም።) ዋናው ቁም ነገር ግን ብልሃቱ ብቻ አይደለም። በዚህ ፊልም ውስጥ ምስሉ የሚመጣው ጥያቄው ከተነሣ በኋላ ነው። ሮኬት ለምን በደረጃ በደረጃ ይሠራል? ሳተላይት ስለምን አይወድቅም? ተመልካቹ ሕጉን ይሰማል፤ ቀጥሎም በዓይኑ ያየዋል። እዚህ ላይ ምትሃት ማታለያ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን «የማዕበሎች ፕላኔት» በዚያው ልክ ማመስገን ግን ያስቸግራል። ጠፈርተኞች ወደ ቬኑስ ይወርዳሉ፤ ባሕርና ጭጋግ፣ ጥንታዊ አውሬም ይገጥማቸዋል። ባሕሩን አንነቅፍም፤ የፕላኔቷን የጋለ ገጽ ማሪነር 2 ያረጋገጠችው በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነውና። አውሬዎቹ ግን ከስሌት የተወለዱ አይደሉም፤ ለጀብዱ ሲባል የገቡ ናቸው፤ ጎማነታቸውም ይታያል። አዘጋጁ መምህርነቱን በተወ ቁጥር እጁ ይደክማል። ሁለት ሰዎችን ተሸክሞ የቀለጠ ድንጋይ የሚሻገረው ሮቦት፣ ራሱን ለማዳን ሲል ሸክሙን ሊጥል የሚነሣበት ትዕይንት ግን ከአውሬዎቹ ሁሉ ይልቃል፤ ማሽን እንደ ማሽን ያስባልና።

ከዚሁ ፊልም ጋር የሚነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። በምሕዋር ላይ ብቻዋን የቀረችው ማሻ የጓዶቿ ድምፅ ሲጠፋባት ታለቅሳለች። የባህል ሚኒስትር የነበሩት የካተሪና ፉርትሴቫ፣ እንደሚነገረው፣ የሶቪየት ሴት ጠፈርተኛ አታለቅስም ሲሉ ትዕይንቱን ነቅፈዋል። እኛ በበኩላችን፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ያለ አንዳች ሞዴልና ያለ አንዳች ሽቦ የሰው ልጅ ከመሬት መራቁ የሚሰማን በዚያ ዕንባ ነው እንላለን። ቴሬሽኮቫ በበረረች ጊዜ ፊልሙ ከወጣ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ጀግንነትን በደረቅ ዓይን የሚለካ የሥራ ኃላፊ ጥበቡን ብቻ ሳይሆን ጀግናዋንም ይበድላል።

በውጭ አገር የደረሰበት በደል ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ሮጀር ኮርማን ፊልሙን ገዝቶ፣ ቆራርጦና አዲስ ትዕይንቶች ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1968 ሁለት ፊልሞች አወጣበት። የአዘጋጅነቱ ስፍራ በብዕር ስሞች ተያዘ፤ የክሉሻንትሴቭ ስም ግን አልተጠቀሰም። አገር ቤት ዕንባው ተነቀፈበት፤ ባሕር ማዶ ስሙ ተሰረዘበት።

«ጨረቃ» (1965) እና «ማርስ» (1968) ወደ ጥንቱ የአስተማሪነት መንገድ የተመለሰባቸው ሥራዎች ናቸው። ለሕፃናትም ስለ ሥነ ፈለክ መጻሕፍት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ለፊልም ምትሃት ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት የተቀበለው አሜሪካዊ ሮበርት ስኮታክ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተጉዞ አረጋዊውን አገኘው፤ ፊልሞቹ እንዴት እንደ ተሠሩም ከራሱ አፍ ሰማ። ክሉሻንትሴቭ እ.ኤ.አ. በ1999 አረፈ።