«ድፍረት» ስለ ተባለው ፊልም

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ሕግ የምታጠና ልጅ፣ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ካየች በኋላ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች በሚያስጠጋ አንድ ቤት ያለ ደመወዝ ለማገልገል ቈረጠች፤ እኔም ፊልሙን እንዳየው ወተወተችኝ፤ አየሁትም። አስተያየቴ ከዚህ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ስለ ሥዕሉ ውበት እንድናገር የሚጠብቅ አንባቢ ቢኖር ይቅርታ ያድርግልኝ።

ፊልሙን ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ትከሰሳለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይቆሙላታል። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍትለት ነበር፤ በሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው።

ርእሱን አደንቃለሁ። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ «ተደፈረች» የምንለውም ከዚያው ቃል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ይህን አንድም ቀን አላስተዋልሁም። የሽማግሌዎቹም ሸንጎ ደኅና ተሠርቷል፤ አዘጋጁ አላፌዘባቸውም፤ ከልባቸው ሲከራከሩ እናያቸዋለን፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ዳሩ ግን ፊልሙ ዓይኑን ከልጅቱ ይልቅ በጠበቃዋ ላይ ያሳርፋል። ወጣት ተመልካችም ከአዳራሹ ሲወጣ አዳኝ መሆን ያምረዋል። በፊልሙ ጠበቃዋ ልጅቱን ወደ ገዛ ቤቷ ትወስዳታለች፤ እኔም እንባዬ መጣ። ተማሪዬ በሄደችበት ቤት ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ማንንም ወደ ቤትሽ አትውሰጂ፣ የመጠጊያውንም አድራሻ ለማንም አትንገሪ የሚል ነበር። ሥራ ብለው የሰጧት የእናቶቹን ሕፃናት መጠበቅ ነው። «ጋሼ፣ ጠበቃ ልሆን ሄጄ ሞግዚት ሆንሁ» አለችኝ። ኋላም አንዲቱን ሴት ወደ ሐኪም ቤት እንድትሸኝ ታዘዘች፤ ግማሽ ቀን በወረፋ አብራት ተቀመጠች። ለተደፈረች ሴት የሚሰጠው የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና፣ ያ ወረፋ ከብዙ የችሎት ንግግር ይበልጣል። ለፊልም ግን አይመችም፤ ይህንንስ እረዳለሁ።

የማልረዳው ሌላ ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የከሰሰችው ታሪኳ የተሠራባት ሴት ራሷ ነበረች፤ አልተጠየቅሁም ብላ ነው። እገዳው ኋላ ተነሣ፤ ፊልሙም ታየ። ያለ ፈቃዷ የተወሰደች ልጅን ታሪክ የሚነግረን ሥራ፣ ስለ ፈቃዷ ሙግት ላይ መድረሱ ግን ከልቤ አልወጣም። ስሟ ተለውጦ ነበር እንዳትሉኝ፤ ታሪኩ የማን እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም።

ይህን ስናገር ራሴን ነጻ አላወጣም። ልጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የሰማችውን ስታጫውተኝ፣ «ከወዴት አገር ናት? አባቷስ ምን ይሠራ ነበር?» እያልሁ እጠይቃት ነበር፤ እርሷም መምህሯን ማሳፈር ስላልቻለች ትመልስልኝ ነበር። አንድ ቀን ከመልሷ ተነሥቼ የአንዲቱን ቤተ ሰብ ዐወቅሁ፤ ስሙንም ጠራሁት። ልጅቱ ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች፤ ቡናውንም ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

ለሦስት ቅዳሜ አልመጣችም። በአራተኛው ስትመጣ ስለ ፈተናዋ ጠየቅኋት። ስለዚያ ቤት ዛሬ የምትነግረኝ የሕፃናቱን ጨዋታ ብቻ ነው፤ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም።