ፌንጣው መሰንቆ ቢይዝ ኖሮ

ዲስኒ በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፌንጣውና ጉንዳኖቹ» ስምንት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የሥዕል ፊልም ነው። ተረቱን እናውቀዋለን። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ለ«ፋቡላ» ቲያትራቸው ተረት የቀዱበት ላ ፎንቴን በ1668 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው፣ ጉንዳኗ በተራበችው ዘፋኝ አፊዛ ትሸኛታለች። ፊልሙ ግን በሩን ይከፍታል፤ ብርድ ሰማያዊ ያደረገው ፌንጣ ገብቶ ይሞቃል፣ ይበላል። የኮን ውርጭ የገረፈው ሰው እዚህ ላይ እፎይ ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ንግሥቲቱ «እዚህ የሚኖር የሚሠራ ብቻ ነው» በሚል ቃል አስደንግጣው፣ ቫዮሊኑን እንዲጫወት ታዘዋለች። መልካም፤ ዘፈን ሥራ ነው ማለቷ እኮ ነው! ታዲያ በጋውን ሙሉ ሲጫወት የከረመውስ ምን ነበር? ያኔ ስንፍና፣ ዛሬ ሥራ የሆነው ጎተራው የሷ ስለሆነ ብቻ ነው።

እኛ አገር ላሊበላዎች ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ቆመው ያዜማሉ። የሰጣቸውን ይመርቃሉ፣ ዝም ያላቸውን በግጥም ይወጋሉ እንጂ ስለ ዘፈናቸው ይቅርታ አይጠይቁም። ፌንጣው ግን ሆዱ ሲሞላ፣ በዚያው ዜማ ቃሉን ገልብጦ የበጋ ዘፈኑን ራሱ አወገዘው። ጉንዳኖቹ ሲጨፍሩ ያልሳቅሁት ለዚህ ነው።