ከዕድምተኞች ፎቶግራፍ ስለ መለመን

በሰርግ ቀን ከባለሙያው ካሜራ ይልቅ የዕድምተኞች ስልክ ብዙ ያያል ብል ሙያዬን ማቃለሌ አይደለም። እኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሙሽሪት ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያንም እስከ አዳራሽ መርዓዊንና መርዓትን እግር በእግር ስለምንከተል፣ ዐይናችንን ከእነርሱ ላይ አንሥተን ወዲያና ወዲህ ለመመልከት ነጻነት የለንም። በዚያው ሰዓት ግን ሴቶቹ በጓሮ ወጥ ሲያወጡ የሚሳሳቁትን፣ ከገጠር የመጡት አጎት ለብዙ ዘመን ያላዩዋትን እኅታቸውን አቅፈው ዕንባቸውን ሲጠርጉ፣ ሚዜዎቹም ወደ አዳራሹ ሳይገቡ በፊት የአንዱን ከረባት አንዱ ሲያቃናለት፣ ይህን ሁሉ በአጠገቡ የተቀመጠ ሰው ካላነሣው በቀር የሚያነሣው የለም። ስለዚህም አልበም የሚያዘጋጅ ሰው የሥራው እኩሌታ ማንሣት ሲሆን እኩሌታው መለመን ነው፤ እኔም ከማንሣቱ ይልቅ ለመለመኑ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው አምናለሁ።

ፎቶግራፍ በአገራችን ለብዙ ጊዜ የቤተ መንግሥትና የባለ ስቱዲዮ ሀብት ነበረ። የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነገሥታቱንና መኳንንቱን ሲያነሣ፣ ተራው ሰው በሰርጉ ቀን አንዲት ፎቶግራፍ ካገኘ እርሷን በመስተዋት አስገብቶ ዕድሜውን ሁሉ ያከብራት ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ አዘጋጆች ከየቤተሰቡ አልበም የቀድሞውን ዘመን ፎቶግራፎች ሰብስበው ሲያወጡ፣ በየቤቱ ተከድኖ የተቀመጠው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ያን ጊዜ አየን። ዛሬ ፎቶግራፉ በዝቶ በየሰው ኪስ ተበትኗል፤ ባለቤቱን በአክብሮት የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ ግን ያው እንደ ተከደነ ይቀራል።

የመለመኛው ጊዜ አጭር ነው። ቤተ ክርስቲያን በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥርዓተ ተክሊል ስለማትፈጽም፣ ብዙው ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይታጨቃል፤ አንዱ ዕድምተኛ በጥር ወር ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲዘዋወር የአንዱ ሙሽራ ፎቶግራፍ በሌላው ላይ እየተደረበ የትኛው የማን እንደ ሆነ ይጠፋዋል። እኔ የምመርጠው ጊዜ መልሱ ነው። የሁለቱ ወገን ዘመዶች በሙሽሪት ወላጆች ቤት እንደ ገና ተሰብስበው፣ ድካሙ አልፎ ደስታው ገና ሳይበርድ፣ ሰው ያነሣውን እርስ በርሱ በሚያሳይበት በዚያ ሰዓት፣ ልመናው ልመና መሆኑ ሳይታወቅ ይፈጸማል።

ማን ይለምን የሚለው ነገርም ከጊዜው አያንስም። ፎቶግራፍ አንሺው የተከፈለው ሰው ስለ ሆነ፣ እርሱ ሲጠይቅ ዕድምተኛው የሌላውን ሥራ እንዲሠራ የታዘዘ ይመስለዋል፤ የሙሽሪት እኅት ወይም አንደኛው ሚዜ ሲጠይቅ ግን ነገሩ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። በሚዜዎቹ የቴሌግራም ቡድን «ያላችሁን ፎቶ ሁሉ ላኩ» ብሎ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ለሁሉ የተባለ ለማንም እንዳልተባለ ይቆጠራልና፣ ደግሞም «ሁሉ» የሚለው ቃል የላኪውን ሸክም ያበዛበታል። እኔ ለሚዜዎቹ የማስጽፋቸው እንደዚህ ያለውን ነው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በደስታችን ቀን ስለ ተገኙልን እግዚአብሔር ያክብርልን። ሽማግሎቹ ሲመርቁ እርስዎ በፊት ለፊት ተቀምጠው ነበርና፣ ያነሡት ካለ ሲመችዎ ቢልኩልን ደስ ይለናል።» በዚህ ቃል ምስጋናው ከጥያቄው ቀድሟል፤ የሚፈለገውም ተለይቶ ታውቋል፤ ያላነሣ ሰው ቢኖርም ሳያፍር «የለኝም» ለማለት በሩ ተከፍቶለታል።

ለእናቶችና ለአባቶች ግን መልእክት መላክ አይበቃም፤ ሄዶ መቀመጥ፣ ቡናውን መጠጣት ይገባል። እማማ ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲሰጡን፣ ያሳዩንን ፎቶግራፍ ብቻ ተመልክተን እንመልስላቸው፤ የሰው ስልክ የሰው ጓዳ ነውና፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገለጡ መሄድ ያልተጋበዙበት ክፍል መግባት ነው። የሚላከውን እርሳቸው ይምረጡ፤ መላኩን የልጅ ልጃቸው ያግዛቸው።

ስለ አላላኩ ጥቂት ልናገር። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶግራፍ ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ በአልበም ገጽ ሲሰፋ ይደበዝዛል፤ የተነሣበት ሰዓትም ከውስጡ ይጠፋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይመጣል፤ ስለዚህ ይህን አንድ ነገር በትሕትና ማስረዳት ያስፈልጋል። ከዋሽንግተን የመጡ ዘመዶች በካሜራ ያነሡትን ስንቀበል ደግሞ ሰዓቱን እንመርምር። ስልክ ሰዓቱን በራሱ ሲያስተካክል ካሜራ በአገሩ ሰዓት ይቀራልና፣ በጥር ወር በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚል በቀትር የተነሣው ምሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተብሎ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ይህን ያላረመ ሰው ምሳውን ከሙሽሪት መኳኳል በፊት ይደረድረዋል። ፎቶግራፉን የላከው ሰው ሁልጊዜ ያነሣው ሰው አይደለምና፣ ማን እንዳነሣው ጠይቆ እርሱን ማመስገን ይገባል።

ከሁሉ በላይ የማስበው በፎቶግራፉ ውስጥ ስላሉት ሰዎች ነው። በቁርባን ሰዓት ከምእመናን መካከል ሆኖ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ አፉ ጉርሻ የሞላበት ሰው፣ ከል ለብሳ ሐዘኗን ሳትጨርስ ለዘመድ ክብር ብላ የመጣች ሴት፣ እነዚህ የባለቤቶቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ ከአልበም እንኳ መግባት የለባቸውም፤ በአደባባይ ማውጣቱማ ጨርሶ አይታሰብም። ፈቃድ የተጠየቀ ሰው «ይቅርብኝ» ካለ፣ ምክንያቱን መመርመር ወይም ሁለተኛ መጠየቅ የለብንም።

አልበሙ ሲታተም፣ በመጨረሻው ገጽ የሰጡት ሰዎች ስም ከነማዕረጋቸው ይጻፋል፤ ለእያንዳንዳቸውም እርሳቸው ራሳቸው ያሉበት አንድ ፎቶግራፍ ታጥቦ ይላክላቸዋል፤ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው በራሱ ፎቶግራፍ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ይህን ከሌላው ዕድምተኛ ስልክ ፈልጎ ማግኘት የአሰባሳቢው ድርሻ ነው። ከአልበሙ የተረፈው ሁሉ በአንድ ፍላሽ ተገልብጦ ለሙሽሮቹ ከተሰጠ በኋላ፣ በእኔ ኮምፒዩተር ያለውን አጠፋለሁ።