የቅርጫ ዕጣና የእንኳን አደረሳችሁ ወሰን፦ ገና በባምቢስ ሰፈር

በካዛንቺስ ጎን ያለው ባምቢስ ስሙን የወሰደው ከአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ሱፐርማርኬት ነው። ግሪኮች ወደ አዲስ አበባ የመጡት ከተማዋ ገና ስትቆረቆርና ባቡሯ ሐዲድ ሲነጠፍላት ነበር፤ በንግድ፣ በዳቦ ጋገራና በልዩ ልዩ የእጅ ሙያ ተሰማርተው ኖረው፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ንብረት ሲወረስ አብዛኞቹ አገር ለቀቁ። የቀሩት ጥቂቶች ትምህርት ቤታቸውን፣ ክበባቸውንና የቅዱስ ፍሬምናጦስ ቤተ ክርስቲያናቸውን ይዘው ዘልቀዋል። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ፤ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በዙሪያው ይኖራል፣ በዙሪያው ይገበያያል። ስለዚህ እዚህ ገና በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ የሚውለው የአውሮፓውያኑና የግሪኮቹ ነው። ሁለተኛው ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 የሚከበረው የእኛው ልደት ነው። የግሪኩ ቤት ጾሙን ፈስኮ ማዕድ ሲቀርብ፣ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያትን የያዘው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ 32ኛ ቀኑ ላይ ሆኖ ሽሮውን ይበላል።

ይህ የሁለት ገና ጉርብትና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅሬታ ያስነሣል። የጥድ ዛፉ፣ በክሬም ያጌጠው ኬክ፣ ቀይ ኮፍያ ያጠለቁት ሽማግሌ፣ በስልክ የሚላከው ባለ ሥዕል መልካም ምኞት ገናችንን እየሸረሸሩት ነው ይባላል። ቅሬታው ከቅን ልብ የሚመነጭ ነው፤ አደጋ መኖሩንም በትክክል አይቷል። የሚፈልገው ግን ባልሆነ ቦታ ይመስለኛል። የገና ገበታ የቆመው በወጡ ዓይነት ሳይሆን በአከፋፈሉ ነው፤ ሰላምታውም የክፍፍሉ ሌላ ክንፍ ነው። ይህ ከሆነ ኬኩ ከዳቦው ጎን ቢቀመጥ የሚፈርስ ነገር የለም። ክፍፍሉን የሚያደርጉት ሰዎች ሲበተኑ ግን ብዙ ነገር ይፈርሳል።

ከምግቡ እንጀምር። ዶሮ ወጥ ከጥንት ጀምሮ እንዳለ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ያለ በርበሬ ሊታሰብ የማይችለው ይህ ወጥ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር በባሕር ንግድ ከመጣ በኋላ ነው፤ ማለትም ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ፣ እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያስደገሱትን ታላቅ ድግስ መነሻ አድርጎ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ገበታ የምንለው ነገር ከየአውራጃው የመጣው ምርትና ሙያ በቤተ መንግሥት ማዕድ ላይ ሲገናኝ እንደ ተቀናበረ ይከራከራል። ገበታው ሲለወጥ የኖረ ነው ማለት ነው። በካዛንቺስ አንድ ግቢም ይኸው ይታያል፤ ዋና በዓሉ መስቀል የሆነው የጉራጌ ተወላጅ ለገናም ክትፎና ቆጮ ያቀርባል፣ ባለቤቱ ከሸዋ ከሆነች ዶሮው ከክትፎው ጎን ይቀመጣል፣ ማንም የበዓሉ ሥርዓት ተጣሰ አይልም።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል ጸንቶ የሚገኘው የብልቱ ሥርዓት ነው። ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል፤ ብልት ማጉደል የባለሙያ ነውር ነው፤ የእንቁላሉም ቁጥር ከዚያው ጋር ይሄዳል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ ይወጣል፤ ሌላውም እንደ ዕድሜና እንደ ማዕረግ ይደርሳል። የዶሮ ወጥ ድስት የቤተሰቡን ደረጃ ይናገራል፣ ያጸናልም። ይህን ሥርዓት ማሞገስ ብቻ አይበቃም፤ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስትከትፍና ስታቁላላ አድራ በመጨረሻ የምትቀመጠውን ሴት ድካም የሚሸፍን ሥርዓትም ነውና። የሴቶች ትችት ትክክል ነው፤ ማንም በባህል ስም ሊያድበሰብሰው አይገባም።

ከቤቱ ደጅ ሲወጣ ግን ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሥርዓት ይጠብቀናል፤ እርሱም ቅርጫ ነው። ጎረቤቶች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከብት የሚያውቅ ሰው ተመርጦ ገበያ ይወርዳል፤ በሬው ማለዳ ይታረዳል። ከዚያ የሚከተለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥጋው በመደብ በመደብ ሲደለደል እያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ይደርሰዋል፤ ከሻኛው፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው፣ ከምላሱ። አንዱ መደብ የሰባ፣ ሌላው አጥንት የበዛበት እንዳይሆን እየተጨመረና እየተቀነሰ ይስተካከላል፤ ተመልካቹ ሁሉ አስተያየት የመስጠት መብት አለው። በመጨረሻም ዕጣ ይጣላል። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ መዳቢው ስለማያውቅ አስተካክሎ መመደቡ ለራሱም ዋስትናው ነው። በዶሮው ድስት የበላይ የሆነው አባወራ እዚህ ከዘበኛውና ከሊስትሮው እኩል መደብ ፊት ቆሞ ዕጣውን ይጠብቃል። ገናን በሙሉ ክብሩ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ማዕረግ በቤት ውስጥ፣ እኩልነት በቤቶች መካከል። የገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ያለ ቂም የሚጋፉበት ስለነበር፣ ሁለቱ ልማዶች የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ማነጻጸሪያው ከዚያው ሰፈር ይገኛል። ግሪኮች ለልደት መስቀል የተቀረጸበት ክሪስቶፕሶሞ የሚባል ዳቦ ይጋግራሉ፤ በአዲስ ዓመታቸው መግቢያ፣ በቅዱስ ባስልዮስ ቀን፣ ደግሞ ሳንቲም የተደበቀበትን ቫሲሎፒታ ይቆርሳሉ። አቆራረሱን ልብ ይሏል፦ መጀመሪያ ለክርስቶስ፣ ቀጥሎ ለእመቤታችን፣ ለቤቱ፣ ከዚያ ለቤተሰቡ ከታላቅ ወደ ታናሽ፤ ለድኻ ድርሻ የሚያስቀር ቤትም አለ። ደረጃውም አለ፣ ዕጣውም አለ። ከሳንቲሙ ጋር የሚገጥም ሰው የዓመቱ ባለ ዕድል ነው። የነርሱም ልደት የሚቀደመው በ40 ቀን ጾም ነው። በመደርደሪያ የታሸገውን ኬክ አይቶ የውጭ ገናን ሁሉ ባዶ ጌጥ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ጎረቤቱን አላየውም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። የገና ትርጉም ልደቱ ነው፤ በሌሊቱ ቅዳሴና በጾሙ እንጂ በሥጋ ክፍፍል አይለካም ይላል። በእምነት ረገድ ለክርክር የሚመች አይደለም፤ ትክክል ነው። በላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኵሉን ሲያዜሙ ከተራራው ጫፍና ከሥሩ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ለዶሮ አልመጣም። ቢሆንም ጾሙ ራሱ ለክፍፍሉ መሠረት ይጥላል፤ ባለጠጋውም ድኻውም ከአንድ ቀን ጀምሮ ከሥጋና ከቅቤ ተከልክለው፣ ጋዱንም ጾመው፣ በአንድ ሌሊት ይፈስካሉ። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ የሚበላው ለዚህ ነው፤ ፍስኩ የሁሉም እኩል መብት ነው። ጾሙን የማይጾመው ወንጌላዊ አማኝ ደግሞ በዚያው ቀን ልደትን ያከብራል፣ እናቱ ኦርቶዶክስ ከሆነች ከእርሷ ማዕድ ይቀርባል፣ ከቅርጫውም መደብ ይገባል። ጾሙ ያላገናኛቸውን ሰዎች ክፍፍሉ እንደሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ነገር ግን ክፍፍሉም ወሰን አለው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን። በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ቤቶች በበዓል ቀን ሥጋ አይቀባበሉም፤ ይህንም ማንም እንደ ክፋት አይቆጥረውም። ሥጋው በቆመበት ሰላምታው ያልፋል። ሙስሊሟ ጎረቤት ማለዳ መጥታ እንኳን አደረሳችሁ ስትል፣ ድፎ ዳቦና ቡና ይቀርብላታል። ድፎው የእንስሳት ተዋጽኦ ሳይገባበት የሚጋገር በመሆኑ፣ በኮባ የተጠቀለለው ይህ ዳቦ ሁሉም የሚጋራው የበዓል ምግብ ነው። በዒድ ቀን ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ሰላምታው ራሱ የተሠራው ለዚህ ሥራ ነው፤ የሚያወሳው የበዓሉን ሃይማኖታዊ ምክንያት ሳይሆን ሰው ከዓመት ዓመት በሕይወት መድረሱን ነው። መልሱም አብሮ መድረስን ይጨምራል። ያልደረሰ ባለበት ቤት ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ሐዘን የገባበት ቤት በመጀመሪያው በዓል አያርድም፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ሄዶ ያስፈስካል፣ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ቃሉንም እየመረጠ ይናገራል። በስልክ ለመቶ ሰው በአንዴ የሚላከው መልካም ምኞት ይህን ማድረግ አይችልም። በባሕር ማዶ ላለ ልጅ ግን መልእክቱ ያለው ብቸኛ በር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አልነቅፈውም፤ በአንድ ደረጃ ላይ ለሚኖር ጎረቤት የሚላከው ነው የሚያሳስበኝ።

ታዲያ አደጋው የት ነው? በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ነባር መንደር ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። የቀድሞዎቹ ቤቶች ጠባብና ያረጁ፣ መጸዳጃቸውም ለብዙ አባወራ የጋራ ነበር፤ የተሻለ ቤት ያገኘ ሰው ደስ ቢለው ተገቢ ነው። አንዳንዶችም ቅርጫ ወደ መሥሪያ ቤት ስለተዛወረ የሚጠፋ ነገር የለም ይላሉ። የመሥሪያ ቤት ቅርጫ እውነተኛ ነው፤ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚዋጣ በመሆኑ ለብዙዎች ያቀልላል። ግን በዕጣው የሚገባው ደመወዝተኛ ብቻ ነው። ጡረተኛዋ አሮጊት፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛው መደብ የሚያገኙት በሰፈር ነው፤ ገንዘቡ ቢጎድልባቸው በኋላ ትከፍላለህ ብሎ የሚይዝላቸውም ሰፈሩ ነው። ይህን ዱቤ የሚሸፍነው የዓመታት ትውውቅ ነው፤ ትውውቁም ከዕቃው ጋር በመኪና ተጭኖ አይሄድም።

የከተማዋ ቤት አስገንቢዎች ይህን ጨርሶ አልሳቱትም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፉት ኮንዶሚኒየሞች ዲዛይን ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ሕንፃ ተካትቷል። ማረድ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ የተረዳ እጅ የነደፈው ነው። ይሁን እንጂ ሕንፃው ቦታ ይሰጣል እንጂ አብሮ የሚያዋጣ ሰው አይሰጥም፤ ይህ የሚመጣው የአንድ ሰፈር ሰዎች እድራቸውንና ትውውቃቸውን እንደያዙ በአንድነት ሲሰፍሩ ነው። ባህልን ለመጠበቅ የሚተጋ ጸሐፊም ሆነ ባለሥልጣን በጥድ ዛፉ ላይ የሚያነሣውን ያህል ጥያቄ በዚህ ላይ ሊያነሣ ይገባል፤ ከአንድ ግቢ የወጡ አባወራዎች ስንቶቹ በአንድ ሕንፃ፣ ስንቶቹ በአንድ እድር እንደሚገኙ።